ጭቃ የፈለገችው የንጽህና ባለሙያ

ሥራ በጀመረችበት ዕለት መጀመሪያ የተረከበችው የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ነበር።

በዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው ላይ መፍረድ አይቻልም። ከላይ የወረደለት ቃል «የኢንዱስትሪ ንጽህና ባለሙያ ተቀጥራለች፤ ለሥራዋ የሚያስፈልጋት ዕቃ ይሰጣት» የሚል ነበር። እሱም ደግ ሰው ስለሆነ ያስፈልጋታል ብሎ ያሰበውን ሁሉ አውጥቶ ደረደረላት፤ ረጅም መጥረጊያ፣ መወልወያ፣ ባልዲዎች፣ ሰማያዊ ሽርጥ፣ በላዩም ላይ አንድ ካርቶን ሙሉ ሳሙና።

«ሳሙናው ሲያልቅ ባዶ ካርቶኑን ይዘው ይምጡ፤ አለበለዚያ ሌላ አልሰጥም» አላት።

«እኔ እኮ አየር ነው የምለካው» አለች።

ሰውዬው አየት አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አይዞዎት፣ ሲጀምሩ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አላት።

ሴትዮዋ ጎልማሳ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት። ሙያዋን ልጆቿን እያሳደገች ተምራ፣ የማረጋገጫ ፈተናውን ወድቃ፣ አልቅሳ፣ ጸልያ፣ እንደገና ተፈትና ያገኘችው ነው። ሐኪም የሚደርሰው ሰው ከታመመ በኋላ ነው፤ የእሷ ሥራ ሰው ሳይታመም ቀድሞ መድረስ ነው። ሠራተኛ የሚተነፍሰውን አየር፣ ጆሮው ላይ የሚጮኸውን ማሽን፣ የሚያቃጥለውን ሙቀት ትለካለች፤ ከልክ ያለፈውን ልክ እንዲገባ ታደርጋለች። እንዲህ ያለ የተባረከ ሥራ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለውና፣ መሃሉ ላይ «ንጽህና» የሚል ቃል ወሽቆበት ሄዷል። ያቺ አንዲት ቃል ያመጣችባትን ጣጣ እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፋብሪካው ስም አወጣላት፤ እትዬ ሳሙና።

ፋብሪካው ግራናይት የሚቆርጥ ነው። እንደ ቤት የገዘፈ ድንጋይ በአንድ በር ይገባል፤ የተላገ የወለልና የደረጃ ንጣፍ ሆኖ በሌላው ይወጣል። ባሏ እዚያው ትልቁን መጋዝ የሚነዳ ሠራተኛ ነው። ጺሙ ደረቱ ላይ ስለሚወርድ «ጺሞ» ነው የሚሉት። ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው የሚወደው፣ ጉልበቱም የማይናቅ ሰው ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ደረቅ ሳል ያዘው። ቀጥሎ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አመጣ። ጫማው ደግሞ ማሰሪያ የለውም። ሚስቱ ይህን ባየችበት ሳምንት ባለ መስታወት ሕንፃ ውስጥ የነበራትን ደህና ሥራ ትታ እዚህ ለመቀጠር አመለከተች። የመጣችው ለዚህ ሳል ነው። ለሌላ ለምንም አይደለም።

እሱ ግን ደስ አላለውም።

«ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ?» አላት የመጀመሪያው ቀን ማታ፣ እግሩን እየታጠበ።

«ምን ይልሃል?»

«‹ሚስትህ ተምራ ተምራ መጥረጊያ ላይ ደረሰች› ይለኛላ!»

«አንተስ ምን ብለህ መለስክ?»

«ምን እላለሁ? ‹ቢያንስ ቤታችን ንጹህ ነው› አልኩ።»

«እሱም ውሸት ነው» አለችና ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ እሱ ላይ ወደ ሳል ተለወጠ፤ እሷም ሳቋን አቆመች።

በማግስቱ ወደ መቁረጫው አዳራሽ ገባች። መጋዙ ሲዞር ድንጋዩ ነጭ ጭስ የሚመስል ብናኝ ይተፋል። ሰዎቹ በጉሙ ውስጥ እንደ ጥላ ይንቀሳቀሳሉ፤ እርስ በርስ የሚተዋወቁት በድምፅ ነው። ዓይኗን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። በመጋዙ አናት ላይ ውሃ የሚያወርድ ቱቦ ተዘርግቷል። ቱቦው ደረቅ ነው። ቧንቧው በሽቦ ተጠፍሯል።

«ይሄ ውሃ ለምን ተዘጋ?» ብላ ባሏ ጆሮ ላይ ጮኸች። ውሃ በመጋዙ ላይ ቢፈስ ብናኙ አየር ላይ ሳይወጣ እዚያው ረጥቦ ይወድቃል፤ ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ቱቦውን የሰቀሉት ለዚሁ ነው።

ጺሞ በጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠቆመ። «ለንጽህና!» ብሎ ጮኸላት።

ሥራ አስኪያጁ ንጽህና የሚወድ ሰው ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ «የዓመቱ ጽዱ ፋብሪካ» የሚል ዋንጫ ቆሟል፤ ሲናገርም አንዳንዴ ዞር ብሎ በመሐረቡ ይወለውለዋል።

«ውሃው ከብናኙ ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን ያውቃሉ?» አላት።

«ጭቃ።»

«ጭቃ!» አለ፣ ቃሉ ራሱ ምንጣፉን ያቆሸሸበት ይመስል። «እንግዶች መጡ፤ ጫማቸው ተበላሸ። እኔም የዚያኑ ቀን ውሃው ይዘጋ አልኩ፤ የውሃ መውረጃውን ቦይ አስደፍኜ በሚያብረቀርቅ ንጣፍ አስለበጥኩት። ዋንጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ጌታዬ፣ የድንጋዩ ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ከገባ አይወጣም። ሳንባውን ጠባሳ እያደረገ ያደርቀዋል። ደግሞ የሚጎዳው ያ የምናየው አቧራ አይደለም፤ ለዓይን የማይታየው ነው።»

«የማይታይ ነው?»

«አይታይም።»

«ታዲያ የማይታይ ከሆነ ምን አስጨነቀን?» አለና ከልቡ እፎይ አለ። «እርስዎ የንጽህና ባለሙያ ሆነው ጭቃ ካመጡብኝ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ምን ልታመጣብኝ ነው?»

ቢሆንም ክፉ ሰው አልነበረም። «እለካለሁ፤ ልኩ ካላለፈ ሁለተኛ ጭቃ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም» ስትለው ፈቀደ። በአምስት ሠራተኞች ወገብ ላይ ትንሽ አየር የምትስብ ፓምፕ ታስራለች፤ ከፓምፗ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ኮሌታቸው ላይ ይሰካል፤ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ እንደ ወትሮው ይሠራሉ፤ ማጣሪያው የያዘው ብናኝ ላቦራቶሪ ሄዶ ይመዘናል። ነገሩ ይኸው ነው። «እንደ ወትሮው» የምትለውን ቃል አጥብቃ ነገረችው።

ማስታወቂያው ከቢሮው ሲወጣ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ «ሐሙስ የንጽህና ምዘና ስለሚካሄድ ሁሉም ክፍል ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።»

ሐሙስ ጠዋት ፓምፖቹን አስራ ጨርሳ ከሰዎቹ ጋር ልትውል ስትል ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። የአዳዲስ ቆሻሻ መጣያዎች ቀለም የሚመረጥበት ስብሰባ ነበርና ያለ ንጽህና ባለሙያ አይካሄድም ተባለ። አረንጓዴ ይሁን ቢጫ በሚለው ላይ እስከ ምሳ ተከራከሩ። የጽዳት ሠራተኞች አለቃ የሆኑት እማማ፣ አጠገቧ ተቀምጠው፣ በመሃል ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ። እኔን ሊያባርሩኝ ነው አንቺን ያመጡሽ?»

«ኧረ በፍጹም እማማ! የእኔ ሥራ ሌላ ነው።»

«ሌላ ነው እያልሽ ቆሻሻ መጣያ ትመርጫለሽ» አሉና ፊታቸውን አዞሩባት።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ አዳራሹ ጠፋ። በሩ አለ፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ነጭ ደመና ነው። ከደመናው ውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ፣ የሳል ድምፅ፣ የመጭመቂያ አየር ፉጨት፣ ከሁሉም በላይ የባሏ ድምፅ ይሰማል።

«ያንን ጥግ! ከማሽኑ ሥር! በአየሩ ንፋው እንጂ! ዛሬ ማንም የእኔን ሚስት አያሳፍራትም!»

ምስኪን ጺሞ! ምዘና የተባለውን ሰምቶ፣ አዳራሹ ቆሽሾ ቢገኝ የምትዋረደው ሚስቱ መስላው፣ ባልደረቦቹን ሁሉ አስተባብሮ ለዓመታት የተከመረ ብናኝ በደረቁ ሲያስጠርግ ነው ያረፈደው። ፓምፗ ወገቡ ላይ ሆና ታጉረመርማለች። እሷን ሲያይ ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት መስሎ፣ ጥርሱ ብቻ እየታየ፣ «እንዴት ነው? አኮራሁሽ?» አላት።

ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ ያለው ፍቅር ነው፤ ሰው ደግሞ ፍቅርን ምን ብሎ ይቆጣል? «ውጣ፣ እባክህ፣ ውጣ» ብላ እጁን ይዛ ጎተተችው።

ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ከላቦራቶሪው ተደወለላት። «ይቅርታ፣ ይህ ማጣሪያ መሬት ላይ ወድቆ ነበር እንዴ?» አሏት። አልወደቀም። የባሏ ነው።

የዚያን ሳምንት ጺሞን ወደ ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሙ የደረቱን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ ነጫጭ ነጠብጣቦችን አሳየው። ጠባሳ ነው፤ የነበረው አይድንም፤ ብናኙ ካልተቋረጠ ግን እየሰፋ ይሄዳል አለው። ጺሞ ያን ቀን መንገዱን ሁሉ አልቀለደም። ቤት ሲደርስ መስታወት ፊት ቆመና፣ «የአቧራ መከላከያ ማስኩ ከጺም ጋር አይገጥምም ያልሽው እውነትሽን ነው?» አላት።

«ጺም ካለ በጎን ያስገባል። ማስክ ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ ዋናው ውሃው ነው።»

«ውሃው እስኪመጣ» አለና መቀስ አነሳ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ታናሽየዋ «እማዬ፣ አባባ የት ሄደ?» አለች፤ እሱ ፊቷ ተቀምጦ። ፋብሪካውም ጺሞ ማለቱን አልተወም።

ውጤቱ በእጇ ሲገባ ከተፈቀደው ልክ ሃያ እጥፍ አልፎ ተገኘ። ማታ ባሏ ወረቀቱን ዓይቶ ፊቱ በራ።

«በቃ! ይሄን ወስደሽ ሥራ አስኪያጁ ፊት ዘርጊለት። በድንጋጤ ውሃውን ራሱ ሮጦ ይከፍተዋል።»

«አልችልም። ውሸት ነው።»

«እኔ ሳንባ ውስጥ የገባው ነው ውሸት?»

ይህ ጥያቄ ልቧን ወጋው። «የገባው እውነት ነው። በየቀኑ እንዲህ ነው ማለት ግን ውሸት ነው። ያን ቀን ጠርጋችኋል። እኔ ዛሬ አንተን ብዬ ብዋሽ፣ ነገ ለሌላው ሰው እውነት ስናገር ማን ያምነኛል? ፈጣሪስ ምን ይለኛል?»

«ፈጣሪማ ያውቀኛል» አለ ጺሞ፤ ግን አልተከራከራትም። እሱም ከልቡ እንደሷ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን አይቶ ደነገጠ፤ የዕለቱን ሁኔታ ስታስረዳው ደግሞ ቶሎ ነቃ። «እንግዲህ ችግሩ መጥረጉ ነዋ! ከዛሬ ጀምሮ መጥረጊያ የነካ ወዮለት!» አለ። እማማ ይህን ሲሰሙ ሥራቸው ያለቀለት መስሏቸው ቢሮው ድረስ ሄደው አለቀሱ፤ እሷም እየተከተለች፣ በደረቁ መጥረግ እንጂ በእርጥቡ ማጽዳት እንዳልተከለከለ፣ እንዲያውም እሳቸው ያለ አቧራ ማጽዳትን ለሌላው ማስተማር እንደሚኖርባቸው አስረዳች። እማማ እንባቸውን ጠርገው፣ «እንግዲያው እኔም ባለሙያ ነኝ በይኛ» አሉ። «ነዎት እንጂ» አለቻቸው።

እንደገና ለካች። አሁን ከሰዎቹ ጎን ሳትለይ ዋለች፤ ስብሰባ ሲጠሯትም አልሄደችም። መጋዙ እንደ ወትሮው ቆረጠ። ውጤቱ መጣ፤ ከተፈቀደው ልክ ስድስት እጥፍ።

ይህን ይዛ ስትገባ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። እሷ የደነገጠ መሰላት። የተደሰተ ነበር።

«ከሃያ ወደ ስድስት! በአጭር ጊዜ! ያለ አንዳች ወጪ!»

«ጌታዬ፣ አልቀነሰም እኮ። የመጀመሪያው—»

«ባነር ይሠራል» አለ። ሠሩትም። በአዳራሹ በር ላይ «አቧራን በሁለት ሦስተኛ የቀነሰ ፋብሪካ» የሚል ጨርቅ ተዘረጋ፤ የድርጅቱ ባለቤት በቀጣዩ ወር መጥተው እንዲጎበኙም ቀን ተቆረጠ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባለቤቱ ሰው አማኝ ስላልሆኑ፣ የማረጋገጫ ፈተና ያለፈ ባለሙያ ፊርማ ካላዩ አላምንም ብለዋል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ደግሞ በፋብሪካው ውስጥ ያለችው አንዲት ናት፤ እትዬ ሳሙና።

«እዚህች ጋ» አላት ሥራ አስኪያጁ፣ ብዕር እያቀበለ።

ብዕሩን ተቀበለችና ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ከሥራ ብትባረር ባሏ በዚያ ደመና ውስጥ ብቻውን እንደሚቀር ታውቃለች፤ ብትፈርምም እዚያው ደመና ውስጥ በፊርማዋ ታኖረዋለች።

«እውነት ባልሆነ ነገር አልፈርምም» አለች። «ግን ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለቤቱ መጥተው፣ ‹አቧራውን የቀነሰው የትኛው ነው? አሳዩኝ› ቢሉ ምን ያሳዩአቸዋል?»

ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን አወጣ። ወደ ዋንጫው ዞረ። ዋንጫው ምንም አላለውም።

«ውሃውን ይክፈቱልኝ» አለች። «ቦዩን እንቆፍረው። በእጅ ለሚያዙት የድንጋይ መላጊያዎችም አቧራ መምጠጫ ማሽን ይገዛ። ከዚያ እንደገና እለካለሁ፤ በእውነት ከቀነሰ በሁለት እጄ እፈርማለሁ። ባነሩንም እንዳለ ይተዉት። እኔ እውነት አደርግልዎታለሁ።»

«ጭቃውስ?» አለ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ልጅ ሆኖ ነበር።

«ጭቃው ከሰው ሳንባ ወለሉ ላይ ቢሆን ይሻላል።»

ሰውዬው ዋንጫውን አንስቶ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባና ቆለፈበት፤ ጭቃ እንዳያይ ይመስላል።

የሚያብረቀርቀው ንጣፍ ሲፈረስ ሥራ አስኪያጁ ሊያይ አልወረደም። ቦዩ ተከፈተ። ሽቦው ከቧንቧው ላይ ተቆርጦ ወደቀ። ጺሞ ማስኩን አጥብቆ መጋዙን አስነሳ፤ አንዱ ባልደረባው ቧንቧውን ዘወረ። ውሃው መጀመሪያ አንገራገረ፤ ዝገት ተፋ፤ ከዚያ በመጋዙ ላይ እንደ መጋረጃ ወረደ። መጋዙ ድንጋዩን ነከሰ። ከሥሩ ግራጫ ጭቃ እየተንጠባጠበ ወደ ቦዩ ፈሰሰ። ወደ ላይ የወጣ ነገር የለም።

ሰዎቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ። ከጥግ እስከ ጥግ ይተያያሉ። ጺሞ መጋዙን አጥፍቶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ አሻግሮ ዓይቶ፣ «እናንተ!» ብሎ ጮኸ። «ለካ ግድግዳው አረንጓዴ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ሳሙና በአረንጓዴው ግድግዳ አጠገብ ቆማ፣ «ተመስገን» አለች፤ በሳቁ መሃል የሰማት የለም።

ልኬቱ ከባለቤቱ ጉብኝት በፊት ደረሰ። ከተፈቀደው ልክ በታች ነው፤ ብዙም ባይሆን በታች ነው። ፈረመች። ባለቤቱ ወደ መጋዙ ጠጋ ብለው ፎቶ ተነሡ፤ ጫማቸው ጭቃ ነካው፤ ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጨፈነ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጭቃውን በጣታቸው ነክተው፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ውስጥ ይገባ ነበር ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው የጺሞ ሳል ነው።

የጺሞ ሳል አልተወውም። ሐኪሙ እንዳለው የነበረው ጠባሳ ይቆያል። ግን በቀጣዩ የደረት ፎቶ ላይ አዲስ ነጠብጣብ አልተገኘም፤ እንግዲህ ለዚህች ምሕረት ሰው ምን ብሎ ያመሰግናል? ጺሞ ከሐኪም ቤት ሲወጣ፣ ሚስቱ ስታለቅስ ዓይቶ፣ «ምነው? ያልሞትኩት አሳዘነሽ?» አላት፤ እንባዋ ላይ ሳቅ ጨመረችበት።

በዚያው ሳምንት ማታ ቁጭ ብሎ እርጥብ ካልሲውን እየጠመዘዘ ማጉረምረም ጀመረ።

«አቧራው ቀረ፤ አሁን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆመን መዋል ሆነ። ዛሬ ሁለት ሰው ጭቃው ላይ አዳልጦት ወደቀ። ወይ አንቺ ሴትዮ!»

እሷ ማጉረምረሙን አልሰማችውም። የሰማችው ሌላውን ነው፤ ይህን ሁሉ የተናገረው በአንድ ትንፋሽ፣ መሃል ላይ ሳይቆም ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳች። ሰውዬው ፊቷን እንዳየ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«አሁን ደግሞ ምን?»

«ቦቲ ጫማ» አለች። «ለሁሉም። የማያንሸራትት ይሁን።»